የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጉዞ ላይ የተዋወቅነውን ቤተሰብ እንዴት እንርዳ?

በባዕድ አገር ሳሉ ከተቸገረ ቤተሰብ ጋር ወዳጅነት የመሠረቱ አንባቢዎች በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ልከውልናል። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ለሥራ በሄድኩበት አገር ከጎረቤቶቼ ጋር በጣም ተዋደድን። ባልየው ታሞ ሥራ አቁሟል፤ ሚስቱ የሰው ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። እኔ ተመልሻለሁ። በየወሩ ትንሽ ልልክላቸው አስባለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ዕዳ እንዳለባቸው በመጠየቅ ይጀምሩ። ሠርቶ የሚያመጣው ሰው ሲታመም ቤቱ ቶሎ ወደ ብድር ይገባል፤ ባንክ የማያበድረው ሰው ደግሞ የሚበደረው በየወሩ ወለድ ከሚቆጥር ግለሰብ ነው። ለምሳሌ 200 ዶላር በወር 10 በመቶ የተበደረ ቤተሰብ ዋናውን ሳይነካ በየወሩ 20 ዶላር፣ በዓመት 240 ዶላር ይገፈግፋል። እርስዎ በየወሩ 20 ዶላር ቢልኩ ገንዘቡ በእነሱ እጅ አልፎ የሚያርፈው አበዳሪው ኪስ ውስጥ ነው። ዋናውን አንዴ ቢዘጉላቸው ግን ያው 20 ዶላር ወር በወር እቤታቸው ይቀራል። ከፋዮቹ እነሱው ይሁኑ፤ አበዳሪው ከጀርባቸው የውጭ ሰው እንዳለ ከሰማ ያልነበረ ዕዳ ሊጨምርባቸው ይችላል። የፈረሙበት ወረቀትና በመያዣ የሰጡት ዕቃም ገንዘቡ በተከፈለበት ዕለት ይመለስላቸው።

ስለ ዕዳውም ሆነ ስለ ሌላው ወጪ ሲያወሩ «ምን ጎደላችሁ?» ብለው አይጠይቁ። በይሉኝታ «ምንም» ይባላሉ፣ ወይም እርስዎ ሊሰሙት የሚፈልጉት የመሰላቸው ይነገርዎታል። «ባለፈው ወር ለምን ለምን ከፈላችሁ? ሳይከፈል ያደረስ?» የሚለው እውነተኛውን ሥዕል ያወጣል። ባልና ሚስቱን አንድ ላይም ለየብቻም ያነጋግሩ፤ ቤት ኪራዩን የሚያውቀውና የልጆቹን ደብተር የሚያውቀው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም።

ከዚያ አንድ ወጪ ይምረጡ፣ መጠኑንና ጊዜውንም ቆርጠው ይንገሯቸው፦ «የትልቋን ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ለሁለት ዓመት እችላለሁ» ዓይነት። «ሁሌም አብሬያችሁ ነኝ» ማለት ለተናጋሪው ደስ ይላል እንጂ ለሰሚው አደገኛ ቃል ነው። ቤተሰቡ እሱን ተማምኖ የተሻለ ቤት ይከራያል፣ እናትየው የምታጥብላቸውን ደንበኞች ትተዋለች፤ እርስዎ ሥራ ሲለቁ ወይም ሲያገቡ የሚወድቁት ከበፊቱ ከፍ ካለ ቦታ ነው። ወር ሳይዘል የሚደርስ 15 ዶላር፣ አንዴ መጥቶ አንዴ ከሚጠፋ 60 ዶላር የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ትምህርት ከመረጡ ክፍያውን በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ያስገቡ፤ የልጁን ሙሉ ስም፣ ክፍሉንና የትምህርት ዘመኑን በክፍያው ማስታወሻ ላይ ይጻፉ፣ ደረሰኙን ለቤተሰቡም ለራስዎም ያስቀሩ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየመንፈቁ መክፈል ይሻላል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ቢቀይር ገንዘቡን ማስመለስ ራስ ምታት ነው። ልጅን ቤት የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ክፍያው አይደለም። የደንብ ልብስ፣ ጫማ፣ ትራንስፖርት፣ የፈተና ክፍያ፣ ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ከዚህም በላይ ልጁ ሠርቶ ያስገባ የነበረው ገንዘብ አለ። ይኼኛው ካልተተካ ክፍያው ተከፍሎም ልጁ ከክፍል ይጠፋል። ጎበዙን ብቻ መርጦ ማስተማርም እቤት ውስጥ ቂም ይተክላል፤ ለሦስቱም የማይበቃ ከሆነ የሦስቱንም ደብተርና ጫማ መሸፈን ይቀላል።

«የስፌት መኪና ልግዛላት?» ያሉ ሌሎች አንባቢዎችም አሉ። ከመግዛት በፊት የሚጣሩት እነዚህ ናቸው፦ መስፋት ትችላለች ወይ? መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ በእግር የሚሠራ ይገኛል ወይ? መርፌ፣ ቀበቶና ጠጋኝ በአካባቢው አለ ወይ? ማታ ማታ የት ይቀመጣል? መኪናውን ከውጭ ጭኖ መውሰድ ከንቱ ድካም ነው፤ እሷ ራሷ መርጣና ሞክራ እዚያው ትግዛ። ከያዙት ገንዘብ አንድ ሦስተኛውን ለክር፣ ለጨርቅና ሥራው እስኪለመድ ለሚያልፉት ባዶ ሳምንታት ያስቀሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ቶሎ የሚቆመው በአብዛኛው መኪናው ተሰብሮ ሳይሆን መሥሪያ ገንዘቡ አልቆ ነው፤ ያኔ ደግሞ መኪናው ይሸጣል።

ጥያቄ፦ አንዱ ገንዘብ አስተላላፊ «ያለ ክፍያ እልካለሁ» ይላል፤ ሌላው 5 ዶላር ያስከፍላል። ነፃው አይሻልም?

መልስ፦ አስተላላፊው ትርፉን ከሁለት ቦታ ያገኛል፤ ከአገልግሎት ክፍያውና ከምንዛሪው። የገበያው ምንዛሪ ለአንድ ዶላር 50 ነው እንበል። 5 ዶላር የሚያስከፍለው ድርጅት በ49.8 ቢመነዝር፣ ከ100 ዶላር ላይ 95ቱ ተመንዝሮ 4,731 ይደርሳል። «ነፃው» በ46.5 ቢመነዝር የሚደርሰው 4,650 ነው። በ20 ዶላር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያው 747፣ ሁለተኛው 930 ያደርሳል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ትተው ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ይህን ያህል ብልክ በተቀባዩ እጅ ስንት ይገባል?» በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች የሐዋላ ወጪ በ2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይጠይቃሉ። ከላይ ያሉት ሁለቱም ምሳሌዎች ከ5 በመቶ በላይ ናቸው፤ ማለትም ዞር ዞር ብሎ ማወዳደር ያዋጣል።

ቋሚ ክፍያ ያለበትን ከመረጡ የሦስት ወሩን አንድ ላይ መላክ ይረክሳል። ለቤት ኪራይና ለትምህርት ይሁን፤ ለዕለት ጉርስ ግን አይሆንም፤ በአንድ ጊዜ የመጣ ገንዘብ ለዘመድ ልመና ይጋለጣል፣ በሦስተኛው ወር ቤቱ ባዶ ይሆናል።

ገንዘቡ ደርሶ «አልተከፈለንም» የሚያሰኘው ዋናው ነገር ስም ነው። የተቀባይዋን መታወቂያ ፎቶ አስልከው፣ ፊደል በፊደል እንዳለ ይሙሉ፤ የቤት ስሟን ወይም የባሏን ስም አይጻፉ። መታወቂያ ከሌላት ቀድማ እንድታወጣ መርዳት ራሱ ትልቅ እገዛ ነው። የመቀበያ ቁጥሩን በስልክ ለእሷው ይንገሩ። አስተላላፊው ዝምድናዎንና ምክንያቱን ቢጠይቅ «ወዳጅ፣ ለኑሮ ድጋፍ» ይበሉ፤ «እህቴ ናት» ማለት የስም አለመመሳሰል ሲታይ ገንዘቡን ሊያሳግድ ይችላል።

«ስልኬ ጠፋ፣ ከአሁን ወዲህ በዚህ ቁጥር ላክ» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ መልኳን በቪዲዮ ሳያዩና ድምፅዋን ሳይሰሙ ምንም አይላኩ።

ጥያቄ፦ ተመልሼ ልጠይቃቸው ነው። መድኃኒትና የዱቄት ወተት ልውሰድላቸው?

መልስ፦ መድኃኒቱን ይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ለድርጅቶች እንኳ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ ያለው ብቻ እንዲሰጥ፣ ከሕመምተኛ የተረፈም እንዳይሰጥ ይላል። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ደግሞ በአንዳንድ አገሮች ኬላ ላይ ያስይዛሉ። የአባትየውን የሐኪም ማዘዣ ይዘው እዚያው ካለ መድኃኒት ቤት ይግዙ፤ ሲያልቅ የሚተካው እዚያ ያለው መድኃኒት ነውና።

የዱቄት ወተቱ የባሰ ነው። ሕፃኑ ጡት የሚጠባ ከሆነ ሁለት ቆርቆሮ ስጦታ የእናቱን ወተት ለመቀነስ ይበቃል፤ ቆርቆሮው ሲያልቅ ሌላ የሚገዛበት የለም፣ ወተቱ ይቀጥናል፣ ውኃውም ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ለእናትየው ምግብ የሚሆን ገንዘብ ይስጧት። ቀድሞውንም በዱቄት ወተት ብቻ የሚያድግ ሕፃን ከሆነ ደግሞ የሚጠቀምበትን ዓይነት ጠይቀው፣ በቋሚነት የሚችሉት ከሆነ ብቻ ይግቡበት።

ስጦታዎን በጎረቤት ፊት አይስጡ። አከራዩ «የውጭ ሰው አላቸው» ብሎ ኪራይ ከጨመረ የረዱት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ወላጆቹ ትንሹን ልጅ «ወስደህ አሳድግልን» እያሉኝ ነው። ልጅ የለንም፤ ባለቤቴም ፈቃደኛ ናት።

መልስ፦ በዚህ መንገድ አይሆንም። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የሔግ የጉዲፈቻ ስምምነት አንቀጽ 29፣ የአገሩ ባለሥልጣን በተለየ ሁኔታ ካልፈቀደ ወይም ጉዲፈቻው በዘመዳሞች መካከል ካልሆነ በቀር፣ አሳዳጊ ነኝ ባዩና ወላጆቹ አስፈላጊዎቹ ቅድመ ሁኔታዎች ሳይሟሉ እንዲገናኙ አይፈቅድም፤ አንቀጽ 4 ደግሞ የወላጅ ፈቃድ በክፍያ የተገኘ እንዳይሆን ያዛል። እርስዎ ወላጆቹን ያውቃሉ፣ ገንዘብም ሰጥተዋቸዋል። የስምምነቱ አባል ባልሆኑ አገሮችም ልጅን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ድንበር ማሻገር በሕፃናት ዝውውር ሊያስጠይቅ ይችላል። ከሕጉ ባሻገር ልመናው የመጣው ከችግር ነው። ልጁን ለማሳደግ ሊያወጡ ካሰቡት ጥቂቱ እናቱ ቤት ቢገባ ልጁ እዚያው ያድጋል።

«የግብዣ ደብዳቤ ጻፍልን» ለሚሉም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ አገሮች የዋስትና ፊርማ የእንግዳውን ኑሮ፣ ሕክምናና የመመለሻ ትኬት ለመክፈል ግዴታ መግባት ነው። ሳይፈርሙ በፊት ሰነዱን እስከ ታች ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የልጆቹን ፎቶ ለጥፌ ከጓደኞቼ ገንዘብ ላሰባስብ?

መልስ፦ ያለ ፊት ፎቶ፣ ያለ ስም፣ ያለ ሰፈር ያሰባስቡ። «ለሦስት ልጆች የአንድ ዓመት የትምህርት ወጪ» ብለው ዝርዝሩን በቁጥር ቢጽፉ የሚሰጥዎት ሰው አያጡም፤ ከደረሰኙ ላይም ስም ሸፍነው ያሳዩ። ስንት እንደተሰበሰበ ቤተሰቡ እኩል ይወቅ። በእነሱ ስም የተሰበሰበን ገንዘብ ከሌላ ሰው ሲሰሙ ወዳጅነቱ ይበላሻል። የተረፈ ካለም ምን እንደሚደረግበት ከመጀመሩ በፊት ለሰጪዎቹ ይጻፉላቸው።

ጥያቄ፦ ከአሁን በኋላ መቀጠል አልችልም። እንዴት ልንገራቸው?

መልስ፦ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት፣ በድምፅ፣ ምክንያቱን በአጭሩ። የሦስቱን ወር ክፍያ ሳይቀንሱ ይላኩ፤ ማቋረጡ ከትምህርት መንፈቅ መሐል ወይም ከኪራይ ማደሻ ቀን ጋር እንዳይገጥም ያስተካክሉ። ገንዘቡ ካቆመ በኋላም ይደውሉ፤ በመጀመሪያው ጥሪ ስለ ገንዘብ ቢያነሱ አይቀየሙ፣ መልሱን ደግመው በግልጽ ይንገሯቸውና ስለ አባትየው ጤና ይጠይቁ።