መልስ ያልመጣለት ምዝገባ

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም ከተማ የምኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በየቀበሌው በቆሎ ሲረከብ፣ ሚዛን ላይ ያለው ሠራተኛ በስልኩ መዝግቦ ወደ ሰርቨር የሚልክበት መተግበሪያ ሠርቻለሁ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ መተግበሪያው ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው «ላክ» የሚለውን ደጋግሞ ስለሚጫን አንድ ገበሬ ያስረከበው 8 ኩንታል ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል። ይህን ለማስቀረት ዳግም መላክን ብከለክል ደግሞ ያልደረሱ ምዝገባዎች ጠፍተው ቀሩ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አይገደዱም። መተግበሪያው የተሳሳተው «አልደረሰም» እና «መድረሱን አላወቅሁም» የሚሉትን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ በመቁጠሩ ነው። የሰርቨሩ አድራሻ ሳይገኝ ሲቀር ወይም ግንኙነቱ ገና ሳይመሠረት ሲከሽፍ፣ ምዝገባው እንዳልደረሰ በእርግጠኝነት ስለሚታወቅ ያለ ሥጋት እንደገና መላክ ይቻላል። ምዝገባው ከወጣ በኋላ መልስ ሳይመጣ መስመሩ ሲቋረጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ ቢቸና የተላከ መልእክተኛ ሳይመለስ ቢቀር፣ ሳያደርስ ቀርቶ ይሁን አድርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ላኪው ቤቱ ተቀምጦ ሊለየው አይችልም። መረጃ በኔትወርክ የሚጓዝበት ደንብ የሆነው ቲሲፒ የሚሰጠው ማረጋገጫም ቢሆን መረጃው ከወዲያኛው ኮምፒውተር መድረሱን እንጂ በዳታቤዙ (በመረጃ ቋቱ) ውስጥ መመዝገቡን አይናገርም።

ስለዚህ ማድረግ የሚገባዎት ድጋሚ መላክን ጉዳት የሌለው ማድረግ ነው። ሠራተኛው ሚዛኑን አንብቦ ሲመዘግብ ስልኩ ለዚያ ርክክብ አንድ መለያ ቁጥር ይፍጠርለት፤ 128 ቢት ርዝመት ያለው፣ እንዳይደገም ተደርጎ የሚፈጠረው ዩዩአይዲ የተባለ መለያ ለዚህ ተስማሚ ነው። ሰርቨሩ መለያውን ከርክክቡ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ሁለቱም አብረው እንዲቀመጡ ወይም ሁለቱም እንዲቀሩ አድርጎ፣ ያስቀምጥ፤ ያው መለያ ዳግመኛ ሲመጣም አዲስ መዝገብ ሳይከፍት የመጀመሪያውን መልስ ይመልስ። መለያው የሚፈጠረው «ላክ» በተጫነ ቁጥር ከሆነ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የወረቀት ደረሰኙን ቁጥር መለያ ለማድረግም አይፈተኑ፤ በእጅ ሲገለበጥ ይሳሳታል፣ በሁለት ጥራዞች ላይም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊገኝ ይችላል። አንዳንድ የክፍያ አገልግሎቶች እንዲህ ያለውን መለያ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሰርዙታል። እርስዎ ግን ግንኙነት ለሰዓታት ብቻ ሳይሆን ለቀናትም ሊቋረጥ በሚችልበት አካባቢ ስለሚሠሩ፣ መለያው ከመዝገቡ ጋር ለዘለቄታው እንዲቀመጥ ያድርጉ።

ሌላው መሠረታዊ ነገር ምዝገባው አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ፣ ለምሳሌ ኤስኪውላይት በተባለው አነስተኛ ዳታቤዝ፣ መቀመጡ ነው። ሠራተኛው የሚጫነው «መዝግብ» ይሁን፤ መላኩን መተግበሪያው በራሱ ጊዜ ከኋላ ይሥራው። የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ዳታ አላልፍ እንደሚል ሁላችንም ስለምናውቅ፣ «ኔትወርክ አለ ወይ?» ብሎ ስልኩን መጠየቅ ሙከራ ለመጀመር ይረዳ እንደሆነ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

መሽከርከሩ የሚመጣው የጥበቃ ገደብ ካለመኖሩ ነው። በጃቫ ቋንቋ ከሰርቨር ጋር ለመገናኘት የሚያገለግለው ኤችቲቲፒ ዩአርኤል ኮኔክሽን ገደብ ካልሰጡት ያለ ማብቂያ ይጠብቃል፤ የአንድሮይድ መሠረት የሆነው ሊነክስም በመደበኛ ቅንብሩ፣ ማረጋገጫ ባልመጣለት መረጃ ላይ ተስፋ የሚቆርጠው ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። እኔ ብሆን ግንኙነት ለመመሥረት 10 ሰከንድ፣ መልስ ለመጠበቅ 30 ሰከንድ እሰጣለሁ።

ሙከራው ሲከሽፍ ወዲያው አይድገሙት። የጥበቃው ጊዜ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያለ እስከ አምስት ደቂቃ ይደግ፤ በዚህም ላይ በዘፈቀደ የሚወሰን መጠን ይጨመርበት። አለዚያ ተቋርጦ የነበረው ኔትወርክ በተመለሰባት ቅጽበት የየቀበሌው ስልኮች ሁሉ በአንድነት ሰርቨሩ ላይ ይዘምቱና መልሰው ይጥሉታል። ይህ ዘዴ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ሥራ የጀመረው አሎሃኔት የተባለው የሬዲዮ ኔትወርክም የተጋጩ መልእክቶችን እንደገና የሚልከው በዘፈቀደ የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ ነበር። በአንድሮይድ ላይ ከኋላ የሚሠሩ ሥራዎችን የሚያስተዳድረው ወርክማኔጀር የተባለ መሣሪያ ይህን ሥራ ስለሚያግዝ ከባዶ መጻፍ አያስፈልግዎትም።

ሁሉም ስሕተት ግን አይደገምም። ሰርቨሩ 503 (ለጊዜው ማገልገል አልችልም) ወይም 429 (ጥያቄ በዝቶብኛል) የሚል የመልስ ቁጥር ሲመልስ ይጠብቁ፤ መቼ እንደሚመለሱ ከነገረዎትም ያንን ያክብሩ። 400 ሲመልስ ምዝገባው ራሱ ጉድለት አለበት ማለት ነውና መቶ ጊዜ ቢላክ አይቀየርም፤ ሰው እንዲያየው ለብቻ ያስቀምጡት እንጂ ከኋላው ያሉትን እንዲያግድ አይተዉት።

ለሠራተኛው የሚታየውም ጽሑፍ እውነቱን ይናገር። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የሰለቸንን «ሲስተም የለም» ከመድገም ይልቅ «ስልኩ ላይ ተመዝግቧል፤ ገና አልተላከም» ቢል፣ ያልተላኩትንም ብዛት ቢያሳይ፣ ሠራተኛው ደጋግሞ የሚጫንበት ምክንያት አይኖርም። ሒሳብ ሠራተኛውም ያ ብዛት በሁሉም ስልኮች ላይ ዜሮ ሳይሆን የዕለቱን ሒሳብ መዝጋት የለበትም።

ሲፈትኑት የስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ማብራት ብቻ አይበቃም፤ ያ የሚፈትነው ቀላሉን ብልሽት ነው። ምዝገባውን ዳታቤዝ ውስጥ ካስገባ በኋላ መልስ ሳይሰጥ መስመሩን የሚቆርጥ የሙከራ ሰርቨር ያዘጋጁ፤ ከዚያ መተግበሪያው በራሱ ደግሞ እንዲልክ ይተዉትና ዳታቤዙ ውስጥ ስንት መዝገብ እንዳለ ይቁጠሩ።