ራም ከመግዛትህ በፊት ኢኢ የሚለውን ቁጥር እይ

የኮምቦልቻው ወንድማችን የጠየቀው ይሄን ነው። ላፕቶፑ ኮር አይ 3፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ፒሲኤስኤክስ 2 የሚባለውን ኢሙሌተር (የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም) ጭኖ የእግር ኳሱን ጌም ፔስን ሲከፍት ጌሙ ይጎተታል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ራም ልጨምር ወይስ ላፕቶፑን ልሽጠው፣ ደግሞስ ኢሙሌተር ሕገወጥ ነው ወይ ይላል። ከሥሩ የመለሱት ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል «ራም ጨምር» ብለውታል።

አብሽር ወንድሜ፣ አትሽጠው። ራሙንም ገና አትግዛ። እኔም ደሴ እያለሁ እንዳንተ ተመክሬ ተጨማሪ 4 ጊጋ ገዝቻለሁ። ጌሙ ቅንጣት ታህል አልፈጠነም። አንተም ብርህን በከንቱ እንዳታወጣ ብዬ ነው ዘርዘር አድርጌ የምጽፍልህ።

የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ፕሮሰሰር ፍጥነቱ 294 ሜጋኸርትዝ ገደማ ነው። ያንተ ላፕቶፕ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ታዲያ ለምን ያቅተዋል? ጣጣው የቋንቋ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ሄደህ ከሆነ፣ አፋሩና የደጋው ሰው በግመል ዋጋ ሲከራከሩ መሀላቸው ቆሞ የሚያስተረጉመውን ሰው አስበው። ሁለቱ ምንም ፈጣን ተናጋሪ ቢሆኑ ወሬው የሚሄደው በአስተርጓሚው ፍጥነት ነው። ኢሙሌተር ማለት እሱ ነው። ፕሌይስቴሽኑ የተሠራው ላፕቶፕህ በማያውቀው ቋንቋ ስለሆነ ትእዛዙ ሁሉ እዚያው እየተተረጎመ ያልፋል፣ በዚያ ላይ ዋናው ፕሮሰሰር፣ ስሌት የሚያግዙት ሁለቱ የቬክተር ክፍሎች (ቪዩ)፣ የምስሉ ቺፕና ድምፁ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም አብረው መሄድ አለባቸው። ይሄን ሥራ ለብዙ ኮር ማከፋፈል አስቸጋሪ ነው። ለዚህ ነው ከራሙ ይልቅ የአንዷ ኮር ጉልበት የሚወስነው። 4 ጊጋ ራም ትንሽ ቢሆንም ከጀርባ ብሮውዘር ካልከፈትክበት ፔስን ሊያስኬድ ይችላል።

ድምፁም የሚቆራረጠው ስፒከርህ ተበላሽቶ አይደለም። ትርጉሙ ሲዘገይ የሚሰማ ድምፅ በሰዓቱ አይደርስም፣ ያኔ ይንጫጫል። ፍጥነቱ ሲስተካከል እሱም አብሮ ይስተካከላል።

አሁን የፒሲኤስኤክስ 2 ሴቲንግ ውስጥ ግባና ፍጥነቱና የሲፒዩ (የላፕቶፕህ ፕሮሰሰር) አጠቃቀሙ ስክሪኑ ላይ እንዲታይ አድርግ። ኢኢ (የፕሌይስቴሽኑን ዋና ፕሮሰሰር የመተርጎም ሥራ)፣ ጂኤስ (የምስሉን ቺፕ የመተርጎም ሥራ)፣ ጂፒዩ (የላፕቶፕህ የራሱ የምስል ቺፕ) የሚሉ ቁጥሮች ከነመቶኛቸው ይመጣሉ። ጂፒዩ 100 አካባቢ ተሰቅሎ ከቀረ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ኢንተርናል ሬዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ወደ ኔቲቭ፣ ማለትም ወደ ፕሌይስቴሽኑ የራሱ ልክ መልሰው። ብዙ ሰው ዩቲዩብ ላይ ያየውን ተከትሎ ሦስት አራት እጥፍ አድርጎት ነው የሚጀምረው። በኔቲቭ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን እኮ ያኔ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈን በዚያች በትንሿ ቲቪ የተጫወትነው ይሄንኑ ነው፣ ማንም ደብዝዟል ብሎ ወረፋውን አልለቀቀም። ኢኢ ከተሰቀለ ግን የደከመው ሲፒዩው ነው። የቬክተሩን ሥራ ለብቻው የምታስኬደው ኤምቲቪዩ የምትባለዋ ሴቲንግ መከፈቷን እይ፣ አራት ትሬድ ላለው ሲፒዩ በደንብ ትረዳለች። ኢኢ ሳይክል ስኪፕ የሚለውን ግን አትንካው። ቁጥሩን 100 ያሳይሃል፣ ምስሉ ግን እየዘለለ ተጫዋቹ እየተቆራረጠ ነው የሚሮጠው። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጥሩን አይቼ ተስተካከለ ብዬ ነበር።

አሁን የኔ ችግር ምን ሆኖ እንደተገኘ ልንገርህ፣ ያንተም እሱ ይመስለኛል። ደሴ ማታ ማታ ጋቢ ለብሼ ስጫወት ጌሙ መጀመሪያ ላይ ደህና ይሄድ ነበር። ለሥራ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ጌም፣ ሀያ ደቂቃ ሳይሞላው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ሙቀቱ ነው! ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጥገና ቤት ወስጄ ሲከፈት ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል፣ ቴርማል ፔስቱ ደርቆ ዱቄት ሆኗል። ተጠርጎ አዲስ ፔስት ተቀባና ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ሁለት ደብተር ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጨዋታ 100 በመቶ ነው። ለዚህ የከፈልኩት ራሙን ከገዛሁበት ብር በጣም ያነሰ ነው።

መብራቱም ሌላ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ያኔም ሲፒዩው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ቻርጀር ሰክተህ ነው መፈተሽ ያለብህ፣ የዊንዶውስ ፓወር ሞዱንም ቤስት ፐርፎርማንስ ላይ አድርገው። እግረ መንገዴን፣ በሴቭ ስቴት (ኢሙሌተሩ ራሱ ጌሙን ባለበት በሚያስቀምጠው) ብቻ አትተማመን። አዲስ ቨርዥን ስትጭን የድሮው ስቴት እምቢ ሊል ይችላል። ጌሙ ውስጥ ገብተህ ሜሞሪ ካርድ ላይም ሴቭ አድርግ፣ ያችን ፋይል ደግሞ ፍላሽ ላይ ገልብጣት። ጓደኛዬ በዴስክቶፕ ሲጫወት ልክ ሴቭ እያደረገ መብራት ሄደበት፣ ሦስት ሲዝን የለፋበት ማስተር ሊግ ጠፋ።

ሕገወጥ ነው ወይ ያልከውን በአጭሩ ልመልስልህ። ኢሙሌተሩ ራሱ አይደለም። ሶኒ ኮኔክቲክስ የሚባለውን ኢሙሌተር ሠሪ ከሶ በ2000 አሜሪካ ውስጥ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። ፒሲኤስኤክስ 2 የሚጠይቀው ባዮስ (የፕሌይስቴሽኑ ማስነሻ ሶፍትዌር) ግን የሶኒ ንብረት ነው፣ ከራስህ ማሽን ነው የሚወጣው። ቤትህ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ካለ አትጣለው። ጌሙንም ከራስህ ዲስክ ገልብጠው፣ አንዱ ዲቪዲ እስኪገለበጥ ቢቆይ አቦሉ ቢጠጣ ነው። ከሰው ፍላሽ «ባዮስ» ተብሎ የመጣ ኢኤክስኢ ፋይል ግን በፍጹም እንዳትከፍት! የኔን ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ያደረገብኝ እንደዚያ ያለ ቫይረስ የያዘ ፋይል ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ኢኢ አሁንም ከተሰቀለ ፒሲኤስኤክስ 2ን ለጊዜው ተወውና ፒፒኤስኤስፒፒን ጫን። የፒኤስፒ (በእጅ የሚያዘው የሶኒ ትንሹ ፕሌይስቴሽን) ኢሙሌተር ነው፣ ባዮስ አይጠይቅም፣ በጣም ቀላል ስለሆነ ደካማ ስልክ ላይ እንኳ ይሠራል። ፔስ ለፒኤስፒም ወጥቷል። ጆይስቲክህን በዩኤስቢ ስትሰካው ልዩነቱን እስክትረሳው ድረስ ትጫወታለህ።

ዛሬ ማታ ቻርጀር ሰክተህ አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወት። ሲጀመርና በ30ኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑን ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው። የሲፒዩውን ሙሉ ስምም ጻፍልኝ፣ ኮር አይ 3 ብቻ አይበቃም፣ የ2012ቱም የ2022ቱም ኮር አይ 3 ነው የሚባለው።