የሊቨርፑሉ ሰውዬ «ኬ» በምን ትጻፍ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። ባህር ዳር ነኝ፣ በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት ቱሪስት ይዤ የምሄድ አስጎብኚ። እንግዶቹን አስፈቅጄ ንግግራቸውን በስልኬ እቀዳና ማታ ማታ በአይ ፒ ኤ (የማንኛውንም ቋንቋ ድምፅ እንደተሰማ ለመጻፍ በሚያገለግለው ዓለም አቀፍ የምልክት ሥርዓት) ለመጻፍ እሞክራለሁ፣ ለአዳዲስ አስጎብኚዎች ጆሮ ማስለመጃ እንዲሆን ብዬ። አንድ የሊቨርፑል ሰውዬ «ባክ» (back) ሲል ባኽ ነው የሚለኝ፣ «ሌክ (lake) ጣና» ሲል ደግሞ የሌክ መጨረሻዋ ኽም ሽም አይደለችም። አንዲት የግላስጎው ሴትዮ ጭራሽ «ባቅ» ነው የምትለው። ጓደኛዬ አማርኛው ጆሮሽን እየሸወደሽ ነው፣ ዝም ብለሽ የዲክሽነሪውን ጻፊ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ ጆሮሽ አልሸወደሽም፣ እንዲያውም አማርኛሽ ነው የጠቀመሽ። ሊቨርፑል ላይ የቃል መጨረሻ ኬ ብዙ ጊዜ አየሩን ጥርቅም አድርጋ አትዘጋም፣ ምላስ ላንቃ ጋ ይጠጋና ትንሽ ክፍተት ስለሚተው አየሩ እየተፋተገ ይወጣል፣ እዚሁ ጎጃም «ኸቤት» ሲባል የምንሰማት ኸ ማለት ናት። እሷን በትንሿ ኤክስ ጻፊያት። «ሌክ» ላይ ግን አናባቢው ምላስን ቀድሞ ወደ ፊት ስለሚያመጣው ድምጿም አብራ ወደ ፊት ትመጣለች፣ ጀርመናዊ እንግዳ ካገኘሽ «ኢኽ» በልልኝ በይውና መጨረሻዋን ስሚ፣ እሷው ናት። ምልክቷ ከስሯ ጭራ ያላት ሲ ነች። ሁለቱን በአንድ ምልክት እንዳትደፈጥጫቸው።

የግላስጎዋም ቅ እውነት ናት። ብሪታንያ ውስጥ ብዙ ሰው ንግግሩን ሲጨርስ የመጨረሻዋን ኬ ጉሮሮውን ዘግቶ ያፈነዳታል፣ ኬ ጽፈሽ አፖስትሮፍ ጨምሪባት፣ የኛም ቅ በአይ ፒ ኤ የምትጻፈው እንደዛው ነው። እኛ ቀኑን ሙሉ «ከ» እና «ቀ»ን ስንለይ ስለምንውል ቶሎ ትሰማናለች፣ እነሱ ጋ ግን ባክም ተባለ ባቅ ቃሉ ያው ስለሆነ ራሳቸውም ላያስተውሏት ይችላሉ። ጓደኛሽም የሚለው ነገር ቦታ አለው፦ የዲክሽነሪውን በሁለት ስላሽ (/ /) መሃል አድርጊ፣ ሰውየው ያወጣውን ድምፅ ደግሞ በማዕዘን ቅንፍ ([ ])፣ ጎን ለጎን።

የደብሊን ሰው ስታገኚ ነው የሚብሰው፣ የነሱ ቲ ብዙ ጊዜ ስ እና ሽ መሃል ትሆናለች፣ የራሷ ፊደልም የላትም። ቲ ስር የ«ዝቅ» ምልክት (ምላስ ዝቅ ብሎ አየሩን ጨርሶ አለመዝጋቱን የምታሳይ) የሚያደርጉ አሉ፣ በሌላ የሚጽፉም አሉ፣ አንዱን ያዢና ምን ለማለት እንደሆነ ደብተርሽ መጀመሪያ ላይ አስፍሪ።

ደሞ ጀልባ ላይ አትቅጂ፣ ሞተሩ እነዚህን ቀጫጭን ድምፆች ይውጣቸዋል፣ ዘጌ ወርዳችሁ ዛፍ ስር ይሻላል። ፋይሉን ፕራት በሚባለው፣ ድምፅን በሥዕል በሚያሳይ ነጻ ሶፍትዌር ክፈቺው፣ ኬ በደንብ ከተዘጋች ከመፈንዳቷ በፊት ባዶ ቦታ ታያለሽ፣ ኽ ከሆነች ግን ጭጋግ የመሰለ ጥቁረት ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ባዶው ከሌለ ቅንፉ ውስጥ ኬ ብለሽ አትጻፊ።