ውጭ አገር ሆናችሁ ሐዋሳ ላይ ቆርቆሮ ለምታስመቱ ወገኖቼ

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ሐምሌ እረፍት አለኝ፤ ሐዋሳ ወርጄ ጣሪያውን አስመትቼ እመለሳለሁ» ይሉኛል። ስዊድን ውስጥ የግንድ ቤት ጣሪያ ስሠራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው የሚያማክሩኝ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። አይሆንም።

1. ወረቀት

የግንባታ ፈቃዱና የውክልናው ወረቀት ሳያልቅ አንድ ብር እንዳትልኩ።

2. ወቅቱ

የፈረንጅ አገር ረጅም እረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሐዋሳ ያኔ ዝናብ ላይ ናት። በጥድፊያ የተገዛው እርጥብ ባህር ዛፍ ዝናብ እየጠጣ ይቆማል። ቆርቆሮው ይመታበታል። የመመለሻ ቀን ስለደረሰ ኮርኒሱም ወዲያው ይዘጋል። ውስጥ የቀረው ውሃ የት ይሂድ? እንጨቱ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ሚስማሩን ይነቅላል። የሚቀጥለው ክረምት በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ሳይደርቅ የቀረው ደግሞ ይሻግታል።

«ፈረንጆቹ በራሳቸው ክረምት፣ በበረዶው ወቅት፣ ይሠሩ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ይሠራሉ። እንጨቱን ግን በሸራ ይሸፍናሉ። በዚያ ላይ ደረቅ በረዶ በመጥረጊያ ይነሳል። የሐዋሳ ዝናብ አይጠረግም።

እባካችሁ፣ ለሐምሌ ገብርኤል ሳይሆን ለታህሳስ ገብርኤል ኑ። የፈረንጅ ገና እረፍትም በዚያው ሰሞን ነው። እንጨቱ ቀደም ብሎ ተገዝቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጥላ ስር ተደርድሮ ይጠብቃችሁ። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩን፣ ጠይቁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል።

3. የበረዶ አገር ፕላን

ከስልካችሁ ላይ የምታሳዩኝ ያ ሾጣጣ ጣሪያ እንደዚያ የቆመው በረዶ እንዲንሸራተትለት ነው። ሐዋሳ ላይ ምን ይንሸራተትበታል? 100 ካሬ ወለል በ45 ዲግሪ ለመሸፈን 141 ካሬ ያህል ጣሪያ ይፈልጋል። በ15 ዲግሪ ከሆነ 104 ካሬ ይበቃዋል። ልዩነቱ የእናንተ የሌሊት ፈረቃ ገንዘብ ነው።

ሙቀት መከላከያውም እንደዚሁ። እዚያ ጣሪያ ውስጥ ፋይበር ግላስ የሚነጠፈው የቤቱ ሙቀት እንዳያመልጥ ነው። ከስሩ፣ በሳሎኑ በኩል፣ ላስቲክ ይወጠራል። የማብሰያው እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛው ጣሪያ ጋ ደርሶ ውሃ እንዳይሆን ነው። ከላዩ ደግሞ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል።

ሐዋሳ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ የሚመጣው ከላይ፣ ፀሐይ ካጋለችው ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ንፋስ አስገቡ። ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱም ጫፍ መተንፈሻ ተዉ፤ የሌሊት ወፍ እንዳይገባ ሽቦ ወንፊት ግጠሙበት። የጣሪያውን ጠርዝ ከግድግዳው በደንብ አውጡት፤ ግድግዳውንም ከፀሐይና ከዝናብ ያድነዋል። ከዚያ ገንዘብ ከተረፈ ፋይበር ግላሱን ኮርኒሱ ላይ አንጥፉ። የዝናቡንም ጩኸት ይቀንሳል። በቀትር ቀዝቀዝ በሚለው የሲዳማ የቀርከሃ ቤት ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ሰው የምለው ይገባዋል።

4. ወንድማችሁ

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ወንድማችሁን ፎርማን አታድርጉት!

አስተማሪ ነው እንበል። ባጃጅ ይነዳል እንበል። ስለ ጣሪያ እንጨት፣ ስለ ወራጅና ማገር ምን ያውቃል? እናንተ ግን ገንዘቡን በሱ ስም ትልካላችሁ። ከዚያ ማታ ማታ በቪዲዮ እየደወላችሁ ታፋጥጡታላችሁ። «ካሜራውን ወደ ላይ አዙረው። እሱ ለምን ጎበጠ? ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» እሱ አናጺው የነገረውን ይደግማል። ቆርቆሮ ጨምሯል ይላችኋል፤ እውነትም ጨምሯል። እናንተ ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በልባችሁ ሌባ አድርጋችሁታል። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ደግሞ በልባችሁ የነበረው አፋችሁ ላይ ይመጣል።

ይህን ስጽፍ ሆዴ ይባባል። እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንድ ጣሪያ የተነሳ ለዓመታት ተኳርፈን ኖረናል። በዓል በመጣ ቁጥር እናታችን ለሁለታችንም እየደወለች ትለምን ነበር። እሱ አምስት ሳንቲም አልነካም። ያጭበረበረው አናጺው ነበር። እውነቱ የወጣው እሷ ካረፈች በኋላ ነው። ቆርቆሮ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። የእሷን ልመና የሰማንባቸውን እነዚያን በዓላት ማን ይመልሳቸዋል?

ስለዚህ ስሙኝ። በደመወዝ የሚሠራ፣ ሥራውን የሚያውቅ ፎርማን ቅጠሩ። ከአናጺው ጋር ውል ተፈራረሙ። ክፍያው በደረጃ ይሁን፦ ወራጁ ቆሞ ሲታይ፣ ቆርቆሮው ሲያልቅ፣ አሸንዳው ተገጥሞ ውሃ ተደፍቶበት ሲፈተሽ። የመጨረሻውን ክፍያ ያዙት። ታህሳስ ያለቀ ጣሪያ በመጋቢት በልግ ይፈተናል፤ ያንን ዝናብ ካለፈ ይከፈለው። ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ለወንድማችሁ የምትልኩትን ለብቻ ላኩ፤ ደረሰኝ አትጠይቁት። ሐዋሳ ስትደርሱም ሻንጣችሁን ይዛችሁ ወደ ሳይቱ አትሩጡ። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ውሰዱትና አሳ ብሉ። የቆርቆሮውን ነገር ፎርማኑን ጠይቁት።