የኒዮቢየም ጉድለት ብቻውን የሰመጠ ቅርፊት ምስክር አይሆንም

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህ ይህ ነበር፦ ከደጀን ወደ ዐባይ በረሃ በሚያወርደው አፋፍ ላይ የሰበሰብካቸው ባዛልቶች (ከእሳተ ገሞራ የፈሰሱ ጥቁር ድንጋዮች) ሲመረመሩ ባሪየምና እርሳስ በዝቶባቸው፣ ኒዮቢየምና ታንታለም የተባሉ ንጥረ ነገሮች ጎድለውባቸው ተገኙ። ታዲያ ከጎጃም ሥር የውቅያኖስ ቅርፊት ሰምጧል ማለት ይቻላል? ከሰመጠስ የማንትሉን፣ ማለትም ከቅርፊቱ ሥር ያለውን የምድር ክፍል፣ ድንጋይ እንዴት ይለውጠዋል?

ከሁለተኛው ልነሳ፤ እሱ ሳይጠራ የመጀመሪያው አይፈታም። የሚሰምጠው ሰሌዳ (የውቅያኖስ ቅርፊቱ ከሥሩ ካለው ማንትል ጋር) ከላይ የባሕር ደለል፣ ቀጥሎ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ባዛልትና ጋብሮ (በጥልቀት የረጋ የባዛልት ዘመድ)፣ ከዚያ በታች ውሃ ዘልቆት በከፊል ወደ ሰርፐንቲን (ውሃ ያዘለ ማዕድን) የተለወጠ ፔሪዶታይት (የማንትል ድንጋይ) ይዞ ይወርዳል። አብዛኛው ውሃ በማዕድናቱ ውስጥ የታሰረ ነው። ከሰርፐንቲን ክብደት 13 በመቶ ገደማ፣ ከአምፊቦል 2 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ግፊቱና ሙቀቱ ሲያይል እነዚህ ማዕድናት ይፈርሳሉ። አምፊቦል ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ጥልቀት አካባቢ ይፈርስና ባዛልቱ ወደ ኤክሎጃይት፣ ማለትም ጥቅጥቅ ወዳለ ከባድ ድንጋይ፣ ይለወጣል፤ የተለቀቀው ውሃም በላዩ ወዳለው ማንትል ይወጣል።

ውሃው ባዶ እጁን አይወጣም። ባሪየም፣ ሩቢዲየም፣ ስትሮንቲየም፣ እርሳስና ቦሮን አጥቦ ይወስዳል። ኒዮቢየምና ታንታለም ግን በውሃ እምብዛም አይሟሙም፤ በዚያ ላይ ኤክሎጃይቱ ውስጥ ያለው ሩታይል የተባለ የታይታኒየም ማዕድን አጥብቆ ይይዛቸዋል። ቡና ስንቀዳ ቀለሙና ጣዕሙ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ አተላው ጀበናው ውስጥ ይቀራል፤ ኒዮቢየም ከአተላው ጋር የሚቀረው ነው። ጎደለ ስንልም መጠኑ አነሰ ማለታችን አይደለም፤ ከቶሪየምና ከላንታነም ጋር ሲነጻጸር ወደ ኋላ ቀረ ማለታችን ነው። ደለሉ ራሱ ከቀለጠ ደግሞ ቶሪየምንም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የባሪየምና ቶሪየም ምጣኔ ከፍ ሲል ውሃን፣ የቶሪየምና ኒዮቢየም ምጣኔ ከፍ ሲል የደለል ቅላጭን እንጠረጥራለን።

ማንትሉ ጋ ሲደርስ ድንጋዩ ራሱ ይለወጣል። ሲሊካ የበዛበት ቅላጭ የማንትሉን ዋና ማዕድን ኦሊቪንን ወደ ኦርቶፓይሮክሲን፣ ማለትም ሲሊካ ወደበዛበት ሌላ ማዕድን፣ ይቀይረዋል፤ በማይክሮስኮፕ ስታየው የኦሊቪኑ ጠርዝ ተበልቶ ኦርቶፓይሮክሲን ከቦት ታገኛለህ። ውሃና አልካሊ ካለ አምፊቦል፣ ፖታሲየም ከበዛ ደግሞ ፍሎጎፓይት የተባለው ሚካ ያድጋል። አንዳንዴ አዲስ ማዕድን ሳይበቅል የክሊኖፓይሮክሲኑ (የሌላው የማንትል ማዕድን) ኬሚስትሪ ብቻ ይለወጣል፤ ይህ በዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው ያልፈዋል። የማቅለጫው ሙቀትም ይወርዳል። 100 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ደረቅ ፔሪዶታይት መቅለጥ የሚጀምረው 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ውሃ ሲገባበት በብዙ መቶ ዲግሪ ዝቅ ይላል።

ወደ ጎጃም ስንመለስ፣ ዛሬ ከሥራችን የሚሰምጥ ሰሌዳ የለም፤ አካባቢው እየተለጠጠ ያለ ምድር ነው። ያለው የጥንት ነው። ከ850 እስከ 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ውቅያኖስ ሲዘጋ፣ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች እየተጋጩ የዓረብ-ኑቢያን ጋሻ የሚባለውን ቅርፊት ሠሩ። ያኔ የረጠበ ማንትል ከቅርፊቱ ሥር ተጣብቆ ሊቆይ ይችላል። የአምባው ባዛልት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የጮቄ ተራራ የተገነባው ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እንጅባራ አካባቢ ያለው ወጣት ባዛልት ደግሞ የማንትል ቁራጭ ይዞ ወጥቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ አምፊቦል ያለባቸው ፔሪዶታይቶች አሉ፣ ክሎሪን የበዛበት የውሃና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሽም በክሪስታሎቹ ውስጥ ታሽጎ ተገኝቷል። ማንትሉ ውስጥ ፈሳሽ ማለፉ እንግዲህ አያጠራጥርም። ያንተ ባዛልት ግን የዚያ ማንትል ልጅ መሆኑን ለብቻው ማሳየት አለብህ።

መጀመሪያ ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጥ። ናሙናው በናይትሪክ አሲድ ብቻ ከተያዘ ኒዮቢየምና ታንታለም ከዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ያኔ የሌለ ጉድለት ይፈጠራል። ናሙናው የሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሊኖር ይገባል። (ይህ አሲድ ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ ይጎዳል፤ የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገብህ ሳይኖር አትንካው።) ቢኤችቪኦ-2 የተባለው መመዘኛ ድንጋይ አብሮ ከተለካ ኒዮቢየሙ 18 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 18 እጅ) ገደማ መምጣት አለበት፤ 14 ከመጣ ችግሩ ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። ድንጋዩ በተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ከተፈጨ ደግሞ ታንታለም ይጨመርበትና እውነተኛው ጉድለት ይሸፈናል። የባዛልት የኒዮቢየምና ታንታለም ምጣኔ 16 አካባቢ ነው፤ ከ10 በታች ወርዶ ኮባልቱም ካሻቀበ ወፍጮውን ጠርጥር። በአጌት (ጠንካራ የሲሊካ ድንጋይ) ወፍጮ ማስፈጨት ይሻላል።

የአፋፉ ባዛልት ቀዳዳዎቹ ኋላ ውሃ ባመጣቸው ነጭ ማዕድናት፣ በዜኦላይትና በካልሳይት፣ የተሞሉ ስለሆነ፣ ከፍሰቱ መካከል ጥቅጥቅ ያለውን ውሰድ፤ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር አድርገህ ሰባብረህ ነጭ ነገር ያለበትን አንድ በአንድ ልቀም። ሲቃጠል ከ2 በመቶ በላይ ክብደት የሚቀንስ ናሙና ላይ በባሪየምና በሩቢዲየም አትመካ።

ይህን ካለፍክ ዋናው ወጥመድ ይመጣል፤ እሱም ማግማው ሲወጣ የበላው ቅርፊት ነው። የሴሪየምና እርሳስ ምጣኔ በውቅያኖስ ባዛልት 25 አካባቢ፣ በአህጉር ቅርፊት 4 አካባቢ ነው። ይህን ሁለቱም፣ የሰመጠ ቅርፊትም የተበላ ቅርፊትም፣ ያወርዱታል፤ ስለዚህ አይለይልህም። የባሪየምና ቶሪየም ምጣኔም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የታችኛው ቅርፊት ድንጋይ፣ ግራኑላይት፣ ቶሪየሙ አንሶ ባሪየሙ የበዛ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሰሌዳ የወጣ ውሃ ይመስላል።

የሚለየው አካሄዱ ነው። ከአንድ ቁልቁለት በቅደም ተከተል የተወሰዱ ፍሰቶችን ይዘህ የኒዮቢየምና ላንታነም ምጣኔን ከማግኒዥየም ኦክሳይድ ጋር አስቀምጥ። ማግኒዥየሙ እየወረደ ምጣኔውም አብሮ ከወረደ፣ የስትሮንቲየም አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የሚለያይ አቶሞች) ምጣኔም ከሲሊካው ጋር ከፍ ካለ፣ ማግማው መንገድ ላይ ቅርፊት በልቷል። ማግኒዥየም ኦክሳይዱ ከ8 በመቶ በላይ በሆነው፣ ኦሊቪን ባለበት ባዛልት ላይም ጉድለቱ እኩል ከታየ ግን ከምንጩ የመጣ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ያኔ የኦሊቪኑን ኦክሲጅን አይሶቶፕ አስለካ፤ የተለመደው የማንትል ኦሊቪን በዴልታ ኦክሲጅን-18 መለኪያ 5.2 በሺህ አካባቢ ነው።

ከላክኸው ሠንጠረዥ ውስጥ ከ6 በመቶ በላይ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ያለው አንድም ናሙና የለም። ስለዚህ በዚህ ብቻ ስለ ምንጩ መፍረድ አይቻልም፤ ኦሊቪኑ በዓይን የሚታይ ፍሰት ፈልግና እሱን አስቀድመህ አስመርምር።