የቀይ ብርሃን ማሽን ለጉልበት፦ ከመግዛትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። "እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት፣ ጉልበቷን በጣም ያማታል፣ ቲክቶክ ላይ ያየሁትን የ400 ዶላር ቀይ ብርሃን ልግዛላት ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ መጠቀም ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻዪኝ።

ሆቴል ክፍል ሳጸዳ 11 ዓመቴ ነው። በቀን 14 ክፍል። የመታጠቢያ ቤት ወለል ተንበርክኮ መፈግፈግ ጉልበት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሠራበት ያውቀዋል። የቀኝ ጉልበቴ መጀመሪያ ደረጃ ስወርድ ብቻ ነበር የሚወጋኝ፤ ኋላ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እናቴ በስልክ "ብርድ ነው፣ ቅቤ ቀቢው" አለችኝ። ኤክስሬይ ስነሳ ግን በአጥንቶቹ መሀል ያለው ካርቲሌጅ፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት፣ ሳስቷል ተባልኩ። ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ነው።

መጀመሪያ የ40 ዶላር ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ ስንት ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም። ሳሎኑን ቀይ ከማድረግ በቀር የፈየደልኝ የለም። ቀጥዬ በ130 ዶላር ጉልበት ላይ የሚታሰር መቀነት አዘዝኩ። ስከፍተው ግማሹ አምፖል አይበራም! የተበላሸ ላኩልኝ ብዬ ልመልሰው ሳሽግ፣ ነርሲንግ የሚማረው ልጄ የስልኩን ካሜራ ደቀነበት። የሞቱ የመሰሉኝ አምፖሎች ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ሆነው ቦግ አሉ። ለካ 660 ናኖሜትሩ ነው ቀይ ሆኖ የሚታየው፤ 850ው ኢንፍራሬድ ስለሆነ ለዓይን እምብዛም አይታይም። ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገባው ደግሞ ይሄኛው ነው። ለመገጣጠሚያ ከሆነ ቀይ ብቻ ያለውን ተዪው።

አሠራሩን ካልሽ፣ ብርሃኑን የሴል ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ይቀበለዋል፣ እብጠትና ሕመም ይቀንሳል ነው የሚባለው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ቡዳፔስት ነው። ኤንድሬ ሜስተር የሚባል ሐኪም የተላጨ የአይጥ ጀርባ ላይ ሌዘር ሲያበራ ፀጉሩ ቶሎ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቢኤምጄ ኦፕን በሚባለው የሕክምና መጽሔት የ22 ጥናቶች ማጠቃለያ ወጥቶ ነበር፤ በትክክለኛው መጠን የተሰጠ ሌዘር የጉልበት ሕመም ይቀንሳል ይላል። ልጄ ነው ያነበበልኝ። ልብ በይ ግን፣ እሱ ነጥብ በነጥብ የሚሰጥ ሌዘር ነው እንጂ እኔና አንቺ የምንገዛው መቀነት አይደለም።

የኔ አጠቃቀም፦ ማታ ከሻወር በኋላ፣ ባዶ ቆዳ ላይ፣ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ታይት ላይ ካሰርሽው ብርሃኑ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም። ብሬን በላኝ ብዬ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ግን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ጥዝጣዜ ቀነሰ። በደብተር ከ10 እየሰጠሁ እጽፍ ነበር፤ ማታ ማታ 7 የነበረው 4 እና 5 ሆነ። ስግደት ግን እንደ ድሮው አልሆነልኝም። በሰሙነ ሕማማት ሞክሬ፣ ሦስተኛው ላይ አጠገቤ የነበረች ሴት ናት ደግፋ ያነሳችኝ።

ደግሞ አልዋሽሽም፣ በዚያው ወር ፊዚዮቴራፒ ጀምሬ ነበር። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር ብድግ ቁጭ፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። አምስት ኪሎም ቀንሻለሁ፤ አንድ ኪሎ ስትቀንሺ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀላል። ስለዚህ ያሻለኝ ብርሃኑ ነው ብዬ አልምልም። እንደኔ ብርሃኑ ሕመሙን ጋብ ያደርገዋል፣ በዚያች ፋታ እንቅስቃሴውን እሠራለሁ። አስሬው ሶፋ ላይ የተጋደምኩባቸው ሳምንታት ምንም አልጠቀሙኝም።

እናትሽን መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ጉልበታቸው ቀልቶና ግሎ ካበጠ፣ ትኩሳት ካላቸው፣ ወይም ጠዋት ሲነሱ ከ60 ደቂቃ በላይ ግትር የሚልባቸው ከሆነ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ካለባቸው፣ ወይም ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ እንደ ዶክሲሳይክሊንና አሚዮዳሮን ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ካንሰር ያለበት ቦታ ላይ አይደረግም። ዓይን ላይም አይበራም።

400 ዶላሩን ግን አታውጪ። "ኤፍዲኤ ሪጂስተርድ" (ኤፍዲኤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ነው) የሚለው ጽሑፍም አይሸውድሽ፤ ተመዘገበ ማለት እንጂ ታይቶ አለፈ ማለት አይደለም። ታይቶ ያለፈው "ክሊርድ" ነው የሚባለው። መመለሻው 30 ቀን ብቻ ከሆነም እለፊው፣ ለውጡን ሳታዪ ቀኑ ያልቅብሻል።

ይዘውት አገር ቤት የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ቮልቱን እዪ። እኔ ለእናቴ አንዱን በሰው ልኬ ነበር። ለካ 120 ቮልት ብቻ ነው። 220 ላይ ሰኩት፣ "ጨሰና ጸጥ አለ" አለችኝ። ደግነቱ ገና ጉልበቷ ላይ አላሰረችውም። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካላየሽ አትላኪ።

በጥር ለአንድ ወር አገር ቤት ስለምገባ የኔው መቀነት ቁጭ ነው የሚለው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ወስደሽ ሞክሪላቸው። ማሰሪያው በግራ በኩል ላልቷል፣ ጠበቅ አድርገሽ ለጥፊው።