አንጓው አጥንቱ ነው ወይስ መታጠፊያው?

ሰበታ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «መምህር፣ ልጄ ‹በአንድ እጅ ጣቶች ላይ ስንት አንጓ አለ?› የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። እኔ አንጓ ማለት በመታጠፊያዎቹ መሃል ያለው አጥንት ነው ብዬ 14 አልኩት። አባቱ ደግሞ አንጓ የሚታጠፈው ቦታ ነው አለና ቆጥሮ እሱም 14 አገኘ። ማናችን ነን ልክ?»

እህቴ፣ በዚህች ቃል ከስንት ሰው ጋር እንደተኳረፍኩ ቢያውቁ።

ቁጥሩ አያስታርቃችሁም። አውራ ጣት ሁለት አጥንት አለው፣ የቀሩት አራቱ ሦስት ሦስት፤ 14። ከመዳፍ ጋር ከሚገናኙበት ጀምረው ከቆጠሩ ደግሞ በየአጥንቱ ሥር አንድ መታጠፊያ አለና እሱም 14 ይመጣል። የእግርም እንደዚያው ነው፤ ትንሿ የእግር ጣት ብቻ በብዙ ሰው ላይ ጫፏና መካከሏ ተጣብቀው ሁለት አጥንት ሆና ትቀራለች። ሐኪሞች አንዱን አጥንት ፋላንክስ ይሉታል። የግሪክ ቃል ነው፣ ጎን ለጎን ገጥሞ የሚዋጋ የወታደር ሰልፍ ማለት ነው። ቆንጆ ነው፤ ግን አንጓን የመሰለ ቃል እያለን ለምን እንዋሳለን?

«ጣት» ራሱ ስንት አገር ዞሮ የመጣ መሰለዎት። ግዕዙ አጽባዕት ነው፣ ትግርኛው ኣጻብዕ፣ ዐረቡም ኢስባዕ ይላል። የኛ አማርኛ ጸን ጠ አደረገና በንም ዐንም ውጦ ሁለት ፊደል አስቀረልን። ዐፅምም እንዲሁ አጥንት ሆነ፤ ም ከት ጋር ሲጋጭ ን ሆኖ አረፈው። ይሄ ከጥያቄዎ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ሳልናገር ማለፍ ግን አልቻልኩም።

ወደ ጠቡ እንመለስ። «አንጓ መጋጠሚያ ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ማስረጃቸው የእጅ አንጓ ነው፣ ሰዓት የምናስርበት። እሺ፣ እሱ መጋጠሚያ ነው፣ አልክድም። ግን ጣፎ ከታክሲ ስወርድ ሸንኮራ የምትሸጥ ልጅ አለች። «ሁለት አንጓ ቁረጪልኝ» ስላት ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ሌላው ያለውን ጭማቂ ያለበትን ነው የምትቆርጥልኝ። ቋጠሮውን ብቻ ብትሰጠኝ ማን ያኝከዋል? (እሷው መልሳ «ጋሼ፣ አንጓው ላይ ጥርስዎን እንዳይሰብሩ» ትለኛለች። ይሄንን እንዳልሰማሁ አልፋለሁ።)

ደግሞ እናቴ። አርባ አንዱን እግዚኦታ የምትቆጥረው በጣቷ ነበር። በአውራ ጣቷ አራቱን ጣቶች እየነካካች 12፣ ሦስት ዙር 36፣ ከዚያ አምስት ትጨምራለች። አውራ ጣቷ የሚያርፈው የመታጠፊያው መስመር ላይ አልነበረም፤ መሃሉ፣ ሥጋው ላይ ነበር። እሷም አንጓ የምትለው ያንን ነው። ለኔ ክርክሩ እዚያው አልቋል፤ የእናቴን አማርኛ የሚያርም ሰው ገና አልተወለደም።

ግን ሐቁን ልንገርዎ። ባለፈው ክረምት ከቤቴ በር ላይ ጭቃው አንሸራቶኝ በእጄ ወደቅኩና ሌባ ጣቴ ተጣመመ። ሰፈራችን ያሉ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ቅቤ ቀብተው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «አይዞህ፣ አጥንቱ ደህና ነው፣ አንጓው ነው የወለቀው» ብለው ሳላስበው ሳብ! አደረጉት። እየጮህኩም እንኳ «አባቴ፣ አንጓው አይደለም፣ መጋጠሚያው ነው» ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ወለምታና ውልቃት ሲያሹ የኖሩ ሰው መታጠፊያውን አንጓ ካሉት ምን አፍ አለኝ? ከተማውም በሙሉ እንደሳቸው ነው የሚናገረው። ስለዚህ የልጁ አባት አልተሳሳተም። እያመመኝ ነው የምጽፈው፣ ጣቴን ማለቴ አይደለም።

እኔ ግን አጥንቱን አንጓ፣ የሚታጠፈውን መጋጠሚያ ማለቴን አልተውም። ሁለት ነገር ሁለት ስም ይገባዋል፣ በዚያ ላይ «የጣት አንጓ» ሲባል ለጆሮ እንዴት እንደሚጥም!

ልጁ 14 ብሎ ይጻፍ። ጥያቄውን ያወጣው መምህር የቱን ቆጥሮ እንዳወጣው ግን ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።